ያልተሠራ ነገር በስሌት ይታወቃልን?

የገጽ አኮስቲክ ሞገድ በጠጣር አካል ቆዳ ላይ የሚጓዝ ንዝረት ነው፤ ወደ ውስጥ አንድ ሁለት የሞገድ ርዝመት ያህል ከዘለቀ በኋላ ይከስማል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1885 ያገኘው በወረቀት ላይ ነበር፤ በመሬት መንቀጥቀጥም ድርሻ ሳይኖረው እንደማይቀር በዚያው ጽሑፉ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በአሜሪካ በበርክሊ ተመራማሪዎቹ ዋይትና ቮልትመር በፒዞኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ቅርጹ በሚለወጥ) ክሪስታል ላይ እርስ በርስ የተጠላለፉ ቀጫጭን የብረት ጣቶች አኑረው ሞገዱን በኤሌክትሪክ አስነሡት። ዛሬ በጅቡቲ ከተማ ዳር ባለው ባልባላ ሰፈር በየሰው ኪስ ያለው ሞባይል የራሱን ሲግናል ከሌላው የሚለይባቸው ፊልተሮች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ፊልተሩ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒውተር ይሰላል። ክሪስታሉ በሐሳብ እንደ መረብ በጥቃቅን ክፍሎች ይከፈልና የእንቅስቃሴና የኤሌክትሪክ ሕጎች በየክፍሉ ይፈታሉ። ታዲያ ስሌቱ ገና ስላልተሠራ ዕቃ የሚናገረው ዕውቀት ነው ወይስ ዕውቀት የሚመስል ነገር?

ስሌቱ ከመነሻው እውነት ያልሆነ ነገር ይቀበላል። ጣቶቹ በጣም ብዙ ሊሆኑ ስለሚችሉ አንድ ጥንድ ብቻ ተወስዶ፣ ግራ ቀኙ ማለቂያ በሌለው ተመሳሳይ ጥንድ እንደተሞላ ተቆጥሮ ይሰላል። ክሪስታሉ ግን ጠርዝ አለው። ከሥሩም ሞገድን የሚውጥ፣ በተፈጥሮ የሌለ ንብርብር ይነጠፍለታል። እንዲህም ሆኖ ውጤቱ ከልኬት ጋር ይቀራረባል። ይህን ሐሰት ማለት ይከብዳል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ምሥጢረ ሥላሴን በፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያስተምሩ ምሳሌው ጎደሎ መሆኑን አብረው ይናገራሉ፤ ጉድለቱ እስከታወቀ ድረስ ምሳሌው አያሳስትም።

የሚያሳስተው ያልታወቀው ጉድለት ነው። መረቡ በደቀቀ ቁጥር ውጤቱ ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋል፣ የመሐንዲሱም ልብ ያርፋል። የተጠጋው ግን ወደ እኩልታው መልስ እንጂ ወደ ክሪስታሉ አይደለም። በ128 ዲግሪ ማዕዘን በተቆረጠ፣ ሊቲየም ናዮቤት በተባለ ክሪስታል ላይ ሞገዱ በሰከንድ 4,000 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ1 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 4 ማይክሮ ሜትር፣ የአንዱ ጣት ስፋት ደግሞ የዚህ ሩብ፣ 1 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። ስሌቱ ለ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተሠርቷል እንበል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ባልባላ ፊልተሩ 45 ዲግሪ ቢደርስ፣ በየዲግሪው ከሚሊዮን 75 እጅ ያህል ስለሚቀንስ ፍሪኩዌንሲው በ1.5 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ሙቀትን ያልቆጠረ ስሌት መረቡ የቱንም ያህል ቢደቅ እዚህ አይደርስም፤ መጉደሉንም ከራሱ ውስጥ ሊያውቅ አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ስሌቱ የሚገባው የክሪስታሉ ጥንካሬ በአብዛኛው የሚታወቀው ሞገድ አስተላልፎ ፍጥነቱን በመለካት ነው። ሞገድ የሰጠው ቁጥር ተመልሶ ስለ ሞገድ ይመሰክራል ማለት ነው። ይህ ከንቱ ዙሪያ ጥምጥም አይደለም፤ በአንድ ናሙና የተለካው ማንም ላልሞከረው ቅርጽ ያገለግላልና። ቢሆንም ስሌቱ የሰማውን አስተላላፊ እንጂ የዓይን ምስክር አይደለም።

ከባልባላ በስተ ምዕራብ አርታ ላይ ያለው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ከሚመዘግባቸው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶችም አንዱ ይኸው የሬይሊ ሞገድ ነው። በ20 ሰከንድ አንዴ የሚወዛወዘው ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፊልተሩ ሞገድ ከ10 ሺህ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይረዝማል፣ መሠረታዊ ሕጉ ግን አንድ ነው። ልዩነቱ ክሪስታሉን ሰው አሳድጎ፣ ማዕዘኑን መርጦ የቆረጠው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ የፈነዳበትን፣ በጅቡቲ የሚገኘውን የአሳል ስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ግን የነደፈው መሐንዲስ የለም። ስለዚህ ስሌቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከተመዘገበው ሞገድ ተነሥቶ የመሬቱን ውስጥ ይፈልጋል። ለአንድ መዝገብ ደግሞ ከአንድ በላይ የመሬት ውስጥ ሥዕል ይስማማል። ከሥዕሎቹ አንዱን ለመምረጥ ከስሌቱ ውጭ የመጣ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በአሳል የከርሰ ምድር እንፋሎት ፍለጋ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች የወጣ ድንጋይ።