ከዕጣው በፊት

ለበዓል በሬ ተጥሎ ቅርጫ ሲደረግ፣ የተካፋዮቹ ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው ቢላዋ በያዘው ሰው እጅ ላይ ነው። ቅጠል ይነጠፋል፤ በቅጠሉ ላይ በተካፋዮቹ ቁጥር ልክ መደብ ይደረደራል። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። አጥንት የበዛበት መደብ ሥጋ ይጨመርለታል፤ «ያኛው አነሰ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ከዚህኛው ተቆርጦ ይሞላለታል። መደቡ ተስተካክሎ ሁሉም «ይሁን» ካለ በኋላ ነው ዕጣ የሚጣለው። አንዱ ስንጥር፣ ሌላው ጠጠር፣ ሌላው ቁልፍ ያዋጣል፤ የቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው እያነሳ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ዕጣው ሰላም የሚያወርደው ቢላዋው ሥራውን አስቀድሞ ስለጨረሰ ነው። ቢላዋው አድልቶ ከሆነ ግን ጠጠሩን ዓይኑ የታሰረ ሕፃን ቢያስቀምጠው እንኳ ፍትሕ አይገኝም። መንግሥት ለዜጎቹ የሚያስፈልጋቸውን ነገር በዕጣ ማደል ይገባዋል ወይ? የሚገባውስ መቼ ነው? ይህን ጥያቄ የማነሳው ከዚህ ከቅርጫው ተነስቼ ነው። በአዲስ አበባ ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጨዋታ ሆኖ አያውቅም፤ ቤት የሚያገኝና የማያገኝ የሚለይበት ነው።

ሃይማኖቶቻችንም ዕጣን አክብረው የያዙት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ እንደምናነበው፣ ርስት ገና ላልደረሳቸው ሰባት ነገዶች በሴሎ ዕጣ ከመጣሉ በፊት ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰዎች ተመርጠው ምድሪቱን ዞረው አዩ፤ በሰባት ከፍለው በመጽሐፍ ጽፈው ተመለሱ። መዝገቡ ቀደመ፣ ዕጣው ተከተለ። በሐዋርያት ሥራም በይሁዳ ቦታ የሚተካው ሲለይ መጀመሪያ መስፈርት ወጣ፤ ከዮሐንስ ጥምቀት አንስቶ እስከ ዕርገት ከጌታ ጋር የነበረ ሰው መሆን ነበረበት። ሁለት ሰዎች ቀረቡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ዕጣው ለማትያስ ወጣ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ፓትርያርኳን የምትለየው በድምፅ ተመርጠው በመሠዊያው ላይ ከተቀመጡ ሦስት ስሞች አንዱን ዓይኑ በተሸፈነ ሕፃን እጅ በማስነሳት ነው፤ አቡነ ታዋድሮስ ዳግማዊ በ2012 እ.ኤ.አ. የተሾሙት እንዲህ ነበር። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲወጡ አብራቸው የምትሄደውን ባለቤታቸውን በዕጣ ይለዩ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ቁማርና በቀስት ዕድል መጠየቅ ግን በቁርኣን የተከለከሉ ናቸው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሚስቶቹ ሁሉ እኩል መብት አላቸው፤ ጉዞው ደግሞ ተቆርሶ የሚካፈሉት ነገር አይደለም። ማንንም ሳይበድል ሊለይ የሚችለው ዕጣ ብቻ ነው። ቁማርተኛው ግን ያልደከመበትን የሌላውን ገንዘብ ይመኛል። እንግዲህ ዕጣ ፍትሕ የሚሆነው ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው ማለት ነው፤ የጠያቂዎቹ መብት በእርግጥ እኩል ሲሆንና የሚታደለው ነገር ለሁሉም ተቆርሶ ሊዳረስ የማይችል ሲሆን።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። አዲስ አበባ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን መገንባት ስትጀምር በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛ ምዝገባ ተካሄደ፤ በቅድመ ክፍያና በብድር መቶኛቸው 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት መደቦችም የከተማው ሰው የዕለት ቋንቋ ሆኑ። ተመዝጋቢው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በየወሩ እየቆጠበ ቅድመ ክፍያውን ይይዛል፤ ዕጣ ሲወጣለት ቀሪውን በባንክ ብድር ይከፍላል። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ወደ አእምሮው የመጣው እቁብ ነበር፤ ቢመጣም አያስደንቅም። በየወሩ መጣል አለ፣ ዕጣ አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ። ነገር ግን በእቁብ ዕጣው የሚወስነው መቼን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እቁብተኛ ያንኑ ብር ይበላል። በቅርጫ ዕጣው የሚወስነው የትኛውን ነው፤ ሁሉም መደብ አለው። የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ግን ቀስ በቀስ ማግኘትንና አለማግኘትን የሚወስን ሆነ። በ2005 የተመዘገበ ሰው በወቅቱ ሕፃን የነበረ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ሲቆጥብ ኖሮ ዛሬም ዙር ሲጠብቅ፣ ያ ዕጣ እቁብ ነው ለማለት አያስደፍርም። ስሙ ያው ቢሆንም ነገሩ ተለውጧል፤ የሞራል ሚዛኑም አብሮ መለወጥ ነበረበት። መቼን ብቻ በሚወስን ዕጣ ላይ የተፈጠረ ስህተት ሰውን ያዘገያል። ማግኘትን በሚወስን ዕጣ ላይ የተፈጠረ ስህተት ግን ቤት ይነጥቃል።

ይህ ስጋት ባዶ ግምት እንዳልሆነ 14ኛው ዙር አሳይቷል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25 ሺህ 791 ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ከቀናት በኋላ የከተማዋ አስተዳደር ራሱ ዕጣውን ሰረዘው። መስፈርቱን ያሟሉት ቆጣቢዎች 79 ሺህ ገደማ ሆነው ሳለ ወደ ዕጣው የገባው ስም ከ170 ሺህ በላይ ነበር። ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። የሕዝቡ ቁጣ ያተኮረው ዕጣውን ባወጣው ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ ሶፍትዌሩን ማን ሠራው፣ ማን ነካው የሚል። መጠየቁ ተገቢ ነው። ጠለቅ ብሎ ሲታይ ግን የተበላሸው ጠጠሩን የሚያስቀምጠው እጅ ሳይሆን መደቡ ነው። የማይገባው ስም አንዴ ከዝርዝሩ ከገባ፣ ከዚያ በኋላ ዕጣው ምንም ያህል ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ የሚያድለው የተሰረቀ ዕድል ነው። ኢያሱ መጀመሪያ ሰዎችን ልኮ ያስመዘገበው ለዚህ ይመስለኛል። አስተዳደሩ ስህተቱን በአደባባይ ተናግሮ ዕጣውን መሰረዙ ትክክል ነበር፤ ትክክልነቱን አለመናገር በደል ይሆናል። ግን ዝርዝሩ ከዕጣው በፊት ለቆጣቢዎቹ ዓይን ተገልጦ ቢሆን ኖሮ መሰረዝ ባላስፈለገ ነበር። በቅርጫ «ያኛው አነሰ» የሚባለው ከዕጣው በፊት ነው።

«ዕጣ ራሱ ስንፍና ነው» የሚል ጠንካራ መቃወሚያ አለ። ሦስት ልጆች ይዛ በላስቲክ ቤት የምትኖር እናትና ደህና ደመወዝ ያለው ላጤ በአንድ ጣሳ ውስጥ ስማቸው ሲናጥ፣ ችግርን ያላየ መንግሥት ፍትሐዊ ነኝ ማለት አይችልም ይላል። ከተማዋ ይህን በከፊል ሰምታለች፤ ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ድርሻ ተለይቷል። እኔ ከሦስቱ የማልቀበለው የመንግሥት ሠራተኞቹን ነው፤ ቤት ማጣት ቀጣሪን አይመርጥምና። የተቀረውን ችግር ሁሉ በባለሥልጣን ዓይን ይመዘን ማለት ግን ሌላ አደጋ አለው። በግልጽ የሚለካ ነገር፣ የአካል ጉዳት፣ የልጆች ቁጥር፣ የገቢ መጠን፣ በሕግ ተጽፎ ከዕጣው በፊት ይግባ። የማይለካው ደግሞ ለዕጣው ይተው፤ ሰው ፊት እየታየ በሚወሰንበት ቢሮ ድሃው ምንጊዜም የመጨረሻው ተሰላፊ ነውና። የዕጣው ዓይነ ስውርነት የሚጠቅመው ዘመድ የሌለውን ሰው ነው። ይሁንና ለዚህ መቃወሚያ አንድ ነገር እሰጣለሁ። ቅድመ ክፍያውንና የባንኩን ወርሃዊ ዕዳ መሸከም ያቃተው ባለዕድል ቤቱን አከራይቶ እሱ ወደ ርካሽ ሰፈር የሚሄድበት ሁኔታ ብዙ ነው። ስሙ ዕጣ ደረሰው፤ ጣሪያው ግን ለሌላ ሆነ። ይህን ማስተካከል የዕጣው ሥራ ሊሆን አይችልም፤ የክፍያው ሥርዓት ሥራ ነው።

ሌላው መቃወሚያ ከምእመናን በኩል ይመጣል። ዕጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ ያልደረሰው ሰው ስለምን ያጉረመርማል? ሐሳቡ ትሕትና አለው፤ ሰውንም ከቅናት ይጠብቃል። ለገዥ ሲሆን ግን አደገኛ መሸሸጊያ ይሆናል። 79 ሺህ ሰው ቆጥቦ ሳለ 25 ሺህ ቤት ብቻ መኖሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የመሬት አቅርቦት፣ የሲሚንቶ፣ የበጀትና የአስተዳደር ውሳኔዎች ድምር ነው። ዕጣው ከእግዚአብሔር ነው ብንል እንኳ እጥረቱ የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ከሆነ ደግሞ ሰው ሊያስቀረው ይችላል። ለዚህ ከሩቅ አንድ ምሳሌ አለ። የአሜሪካዋ የኦሪጎን ግዛት በ2008 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች 10 ሺህ ያህል የጤና መድን ቦታ ኖሯት 90 ሺህ የሚጠጋ ሰው ስለተመዘገበ በዕጣ ለየች። ተመራማሪዎች የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ሲያነጻጽሩ፣ መድን ያገኙት የመንፈስ ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ የሕክምና ዕዳቸው ቀልሎ ተገኘ። በሌላ በኩል ሲነበብ ዕጣ ያልወጣለት ሰው የተሸከመው ሸክም ተለካ ማለት ነው። ግዛቲቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙን በገቢ ለሚያሟሉ አዋቂዎች ሁሉ ስትከፍት ያ ዕጣ አስፈላጊነቱ ቀረ። ሐቀኛ መንግሥት ዕጣን የሚይዘው እንዲህ ነው፤ የሚቀርበትን ቀን እየሠራለት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ ብቀር ደስ አይለኝም። በ2011 ዓ.ም. በ13ኛው ዙር 51 ሺህ 229 ቤቶች ሲታደሉ በከተማዋ ዳርቻ በኮዬ ፈጨ በተሠሩት ቤቶች ምክንያት በኦሮሚያ ብዙ ወጣት አደባባይ ወጣ። ለቤቶቹ መሥሪያ መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ በዕጣው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ዕጣ በእጅ ያለውን ነገር ያካፍላል እንጂ ነገሩ የማን እንደሆነ አይወስንም። በቅርጫም በሬው ሳይገዛ ሥጋው አይመደብም።

ስለዚህ ከከተማው አስተዳደር የምንጠይቀው ቅርጫው የሚጠይቀውን ያህል ነው። ከሚቀጥለው ዕጣ በፊት የቆጣቢዎቹ ዝርዝር፣ የቁጠባ ወራቸው ቁጥርና የምዝገባ ዘመናቸው በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ «ይህ ስም አይገባውም» ለሚል ሰው ሠላሳ ቀን ይሰጠው። በ2005 የተመዘገበ ሰው ስንተኛ ተራ ላይ እንዳለ በጽሑፍ ይነገረው። አንተም ደብተርህን ይዘህ የምትጠብቅ ቆጣቢ፣ ዕጣው በሚወጣበት ቀን ቴሌቪዥን ፊት ከመቀመጥህ በፊት ዝርዝሩን ጠይቅ።