ስውር ሁሉ ነውር ነውን?

ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያደምጠው ዜማ ኀዘኑንና ናፍቆቱን ይገልጣል። ስፖቲፋይ የተባለው የስዊድን የሙዚቃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ከፌስቡክ ጋር በተሳሰረ ጊዜ፣ ብዙዎች የሚያደምጡት ዘፈን ሳያስቡት በወዳጆቻቸው ፊት ይታይ ጀመር። ቅሬታ በመነሣቱም ኩባንያው በቀናት ውስጥ በግል የማድመጥ አማራጭ ጨመረ።

አንዳንዶች «ክፉ ካልሠራ ለምን ይሰወራል?» ይላሉ። ነገር ግን ስውር ሁሉ ነውር አይደለም። በሞት የተለየውን ወዳጁን በዘፈን የሚያስታውስ ሰው አልበደለም፤ ሆኖም እንባውን በአደባባይ እንዲያፈስ አይገደድም። ራስን ለሌላ መግለጥ ስጦታ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ግን ስጦታ አይባልም።

ስለዚህ ሁለት ግዴታ አለብን። አንደኛው፣ በስልካችን ያለው የትኛው ነገር ለማን እንደሚታይ መርምሮ መወሰን ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ የሌላው ምሥጢር በአጋጣሚ ቢገለጥልን ዝም ማለት ነው። ወጣቶችን የሚያስተምር ሰው የተማሪውን የዘፈን ዝርዝር ቢያይ፣ በአንድ ዘፈን ጠባዩን ሊፈርድበት አይገባም። ጨዋ ሰው የጎረቤቱ በር ሳይታሰብ ተከፍቶ ቢያገኝ፣ ዘግቶለት ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይመለከትም።