ጠማማ ራሱን ያቃናል?

ቶርኖዬ፣ ብረት እያዞርኩ የምቆርጥበት ማሽን፣ የቆመው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ዋልካ ላይ በተሞላ ሲሚንቶ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ተሰነጣጥቆ ይወርዳል። ሲሚንቶው አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ከላይ ያለው ከባድ ብረት፣ ያ መቁረጫው የሚመላለስበት ሐዲድ፣ ዓይን የማያየው ጥምዘዛ ይይዛል። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ማሽኑን ሳልፈትሽ ልኩ የሚጠበቅበት ሥራ አልቀበልም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ወፍራም ድፍን ብረት ጨብጦ በሚያሽከረክረው ማንድሪኖ ላይ አስራለሁ። ሌላውን ጫፍ በፑንታ አልደግፍም፤ ከተደገፈ እውነቱን አይናገርም። የመቁረጫውን ጥልቀት ሳልቀይር ወዲህና ወዲያ ጫፉ ላይ ስስ ልጣጭ አነሳና በማይክሮሜትር እለካለሁ። ማንድሪኖው አጠገብ 40 ሚሊሜትር፣ ወዲያ ጫፍ 40.04 ከሆነ ማሽኑ እያሾለ ነው። የእግሩን ቡሎን ላላ አድርጌ ስስ ላሜራ ከሥር እሰካለሁ፤ አጥብቄ እንደገና እቆርጣለሁ። አንዳንዱ ባለሙያ እዚህ ላይ ቸኩሎ ደህናውን ኩሽኔታ ያስለውጣል። ወንድሜ፣ መጀመሪያ እግሩን እይ!

አንድ የቅኔ መምህር የደብራቸውን ወፍጮ ሻፍት ይዘው መጥተው ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ራሷ ጠማማ ሆና ሳለች የእኛን እንዴት ታቀናለች?» አሉኝ።

«ጉድለቷን ያወጣው እኮ የራሷ ሥራ ነው፣ የኔታ» አልኳቸው።

«ያወቅኸውማ በዚያ መለኪያ ነው። እሱንስ ማን ለካው?»

መልስ የሚሆን የሚመስለኝ የዝርግ ብረት ነገር ነው። ሁለት የብረት ሰሌዳ ቀለም ቀብተህ እያፋተግህ፣ የተነካካውን ጉብታ እየፋቅህ ብትሄድ መጨረሻ ላይ ልክክ ይላሉ። ግን አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ገጠሙ ማለት ዝርግ ሆኑ ማለት አይደለም። ሦስተኛ ሲመጣ ይጋለጣሉ፤ እብጥ ከእብጥ አይገጥምማ። ሦስቱም በየተራ፣ አቅጣጫ እየተቀየረ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር እስኪገጥሙ ከተፋቁ ዝርግ ከመሆን በቀር ማምለጫ የላቸውም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ ስለዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1840 ለሳይንስ ጉባኤ አስረድቷል፤ ዛሬም የውሃ ቧንቧ ጥርስ የሚወጣበት 55 ዲግሪ የእሱ ነው። የሚደንቀኝ፣ ከሦስቱ አንዱም አስቀድሞ ዝርግ አለመሆኑ ነው።

ሰውም ተስማምቶ ይሳሳታል፤ ባልና ሚስት ብቻ ሳይሆን አገር ሙሉ ሰው። ባለእጅን «ቡዳ» ብሎ መሸሽ እንዲህ ያለ ልክክ ማለት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። አያቴ ቀጥቃጭ ስለነበሩ ይህ በቤታችን ተረት አይደለም። ዛሬ የእኔን ሥራ «ቴክኒክ» ይሉታል፤ ብረቱ ግን ያው ብረት ነው።

የኔታ ነገሩን ወደ ራሳቸው ሜዳ ወሰዱት። «የንስሐ አባት ለምን ያለ ይመስልሃል? ካህኑም እኮ ንስሐ አባት አለው፤ ራሱን በራሱ አይፈታም። ነገር ግን ሦስት ጠማማ ተፋትጎ የሚቀናው፣ ቀናነት የሚባል ነገር ቀድሞ ስላለ ነው። ያንን ብረትህ አልፈጠረውም።»

ረቱኝ፤ ግን በከፊል ነው። ቀናነት ከእኛ በፊት ያለ ነው፣ እሺ። ወደ እሱ የሚያደርሰው ግን መፋተጉ ነው ባይ ነኝ። ለብቻዬ ጸልዬ ቀናሁ የሚለኝን ሰው ለማመን ይቸግረኛል።

«ዋሻ ገብቶ የሚኖረው መናኝስ?» አሉኝ።

ጎጃም ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። መናኙም ቢሆን ቀድሞ ገዳም ገብቶ በአመክሮ ቆይቷል፣ ውሃ ቀድቷል፣ እንጨት ሰብሯል፣ በአበምኔት ተገሥጿል ብዬ ተከራከርኩ።

«ከዚያ ወዲያ ለብቻው ለሚኖረው ሠላሳ ዓመትስ?»