ያላመመው በሽተኛ

ምንም ያላመመው ሰው በሽተኛ ሊባል ይችላልን? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለማያውቀው ሰው ደም ልስጥ ብሎ ክንዱን የዘረጋ ወጣት፣ ቆይቶ ተጠርቶ «ሄፓታይተስ ቢ አለብህ» ሲባል፣ ነገሩ ከፍልስፍና ክፍል ወጥቶ ወደ ቤት ይገባል። በመካኒሳና በላፍቶ መሀል፣ በእኛው ሰፈር፣ እንዲህ የሆነ ልጅ አውቃለሁ። ኳስ ይጫወታል፤ ይበላል፤ ይስቃል። «ደህና ነኝ» ይል የነበረውም ውሸቱን አልነበረም።

የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩሮስ መልካምም ሆነ ክፉ ያለው በስሜት ውስጥ ነው ይላል። በሱ ሚዛን ከሄድን ልጁን የጎዳው ቫይረሱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው፤ ባያውቅ ይሻለው ነበር ማለት ነው። ብዙዎቻችንም ስሙን ሳንሰማ ኤፒኩሮሳውያን ነን፤ «ምን ሆኜ ነው የምመረመረው?» እንላለን።

ይሁን እንጂ ጉበት ዝምተኛ ነው። አማርኛችን እንኳ «አንጀቴን በላው»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ተሰበረ» ሲል ጉበትን ከዱለት ውጪ እምብዛም አያነሳውም። ቫይረሱ በዚህ ዝምታ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ጉበትን ወደ ጠባሳ ወይም ወደ ካንሰር ሊያደርስ ይችላል። ስሜት ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው። ክትትል ማድረግና፣ ለሚያስፈልገው ሰው እንደ ቴኖፎቪር ያለ ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት መስጠት የሚቻለው ሲታወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያልተሰማ ጉዳትም ጉዳት ነው፤ እውቀቱም ቢመርም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ምን ሠርቶ ነው?» የሚለው ነው። አንዱ መጠጥ ነው ይላል፤ ሌላው ዓይኑ ቢጫ ባይሆንም «የወፍ በሽታ» ብሎ የሌሊት ወፍን ይከሳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በጨቅላነታቸው ከተያዙት ከ100 ወደ 90 የሚሆኑት በሽታው ሥር ይሰድባቸዋል፤ ካደጉ በኋላ ከተያዙት ግን ከ100 5 እንኳ አይሞሉም። ክትባቱ በአገራችን ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ሃያን የተሻገርን ሁላችን የተወለድነው ከዚያ በፊት ነው። እንግዲህ በኔና በሱ መካከል ያለው ልዩነት የምግባር ሳይሆን የዕጣ ነው። እናቱም ብትሆን ሳታውቅ የሰጠችው ነገር አይጠየቅባትም።

ታዲያ ጥፋት ከሌለበት ግዴታም የለበትም ማለት ነው? አይደለም። የተሰነጠቀ ግድግዳ የወረሰ ሰው ስንጥቁን እሱ አላመጣውም፤ ከግድግዳው ሥር የሚተኛውን ግን ማስጠንቀቅ አለበት። ልጁም ለሚያገባት ሴትና ለወንድም እህቶቹ የመናገር ዕዳ አለበት፤ እነሱ ተመርምረው ነጻ ከሆኑ ሊከተቡ ይችላሉና።

ዕዳው ግን ወሰን አለው። በሽታው በአንድ ትሪ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ አብሮት የሚበላ ጓደኛ ወይም ቤት አከራዩ «ለምን አልነገርከኝም?» የማለት መብት የላቸውም። በሽታን ሁሉ ለሁሉ ማወጅ ሐቀኝነት ተብሎ ቢነገረንም፣ አብዛኛውን ጊዜ የኛን ወሬ መመገብ ብቻ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ተረቱ ደባቂውን ይወቅሳል፤ አስደባቂውን ግን አያነሳም። በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ሥር ከሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚኖረው ሕዝብ 254 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ከነዚህ ብዙዎቹ አያውቁም፤ ካወቁትም ስንቱ ትሪው እንዳይለይበት ፈርቶ ዝም ብሏል? እሱ ለሚመለከታቸው ሰዎች እውነቱን እንዲናገር ስንጠይቀው፣ እኛም በዚያው ዕለት ምሳ ላይ እጃችንን ከትሪው እንዳናነሳ እንጠየቃለን። የመጀመሪያውን ግዴታ ብቻ የሚሰብክ ሰው ግማሹን ሒሳብ ነው የሠራው።