መምህር በምን ይመዘን?

አንዲት እህት ሂጃብ በመልበሷ ከማስተማር ሥራዋ ብትባረር ሁላችንም «ሥራዋ ምን ጎደለው?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ለመሆኑ ይህንኑ ጥያቄ አኗኗሩን የማንቀበለው መምህር ሲያነሳውስ እንሰማዋለን?

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ማርክ ሞሪሰን የተባለ መምህር ነበር። ከሌላ ወንድ መምህር ጋር ለአንድ ሳምንት ያህል ግንኙነት ነበረው ተብሎ የግዛቱ የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1966 የማስተማር ፈቃዱን ሰረዘበት። ከተማሪ ጋር የተያያዘ ክስ ግን አልቀረበበትም። ሞሪሰን ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1969 ፈቃዱን ለመንጠቅ ለማስተማር ብቁ አለመሆኑ በማስረጃ መታየት አለበት ሲል ፈረደለት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በጀርመን ተመሳሳይ ክርክር ተነሣ። በትምህርት ቤት የሚሠሩ ሁለት ሙስሊም ሴቶች ፀጉራቸውን በመሸፈናቸው ተቀጥተው አቤት አሉ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 «ችግር ሊፈጠር ይችላል» የሚል ግምት እንደማይበቃ፣ ተጨባጭ አደጋ መታየት እንዳለበት ወሰነ።

ሁለቱን ፍርዶች ሳስተያይ ሚዛኑ አንድ ሆኖ አገኘዋለሁ። «ታዲያ እስልምና የከለከለውን ልትፈቅድልን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። የሃይማኖቴን ድንጋጌ አልሸራርፍም። ነገር ግን ያው ሃይማኖት የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል። የምንጠላቸውንም ሰዎች ቢሆን ፍትሕ እንዳንነፍጋቸው ያዘናል። ደግሞስ ሐሜት መምህርን ማባረር ከቻለ፣ በውጤቱ የተከፋ ተማሪ ወይም የተጣላ ባልደረባ ነገ በማን ላይ እንደሚያወራ ማን ያውቃል?

እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት መምህር ምን ያድርግ? እንደ እኔ ስለ ግል ሕይወቱ መሐላ መደርደር አይጠበቅበትም። የተባረረበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን ይያዝ፤ ከለላ የሚሰጠው ሕግ ባለበት አገር ወደ ሕግ ይሂድ። በአሜሪካ ይህ ሕግ አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ ምክንያት ሠራተኛን ማባረር የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ እንደሚጥስ ወስኗል። ሙስሊሟን ሠራተኛ ከሃይማኖት አድልዎ የሚጠብቃትም ይኸው ሕግ ነው።

እንግዲህ ለእህታችን የምንጠይቀውን ሚዛን ለሌላው ከነፈግን፣ በእሷ ላይ በሚዛባበት ቀን ምን ብለን እንከራከራለን? ወላሁ አዕለም።