የባሕሩ ንስር ምን ያስተምረናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ በካራንቲናና በቤይሩት ዙሪያ ያላችሁ፣ የሰንበት ፈቃድ አጥታችሁ ይህን በስልካችሁ የምታነቡ እኅቶቻችንም፣ የአምላካችን ቸርነት አይለያችሁ።

ጻድቁ ኢዮብ ለወዳጆቹ ሲመልስ፣ የባሕር ዓሣዎችን እንኳ ቢጠይቁ የፈጣሪን ሥራ እንደሚማሩ ነግሯቸዋል (ኢዮብ 12)። እኛም በዓሣ ገበያ ሰፈር የምንኖር ነንና ዛሬ አንዱን ዓሣ እንጠይቅ።

በፊታችን ባለው በሜዲትራኒያን ባሕር ክንፍ ያለው ዓሣ ይኖራል። ፈረንጆች «ኢግል ሬይ» ብለው በንስር ስም ይጠሩታል። ሰውነቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ክንፎቹ በግራና በቀኝ እንደ ወፍ ተዘርግተዋል፤ ሲዋኝ የሚበር ይመስላል። አባቶቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርት፣ እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ ከባሕር በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩና በክንፍ የሚበሩ ፍጥረታትን እንዳስገኘ ያስተምሩናል። ይህ ፍጥረት ደግሞ ከውኃ ሳይወጣ በክንፍ ይሄዳል። ቅርፊት ስለሌለው ለገበታችን አናውለውም፤ ለትምህርት ግን ይሆነናል።

አንደኛ፦ ከላይ ይተነፍሳል። አፉ በሆዱ በኩል ነው፤ ምግቡን ከባሕሩ ወለል አሸዋ ቆፍሮ ያወጣል። ሸርጣንና ዛጎል ያላቸውን ፍጥረታት እንደ ወፍጮ ድንጋይ በተነጠፉ ጥርሶቹ ይፈጫል። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግ በሰውነቱ አጥንት የለም፤ አካሉን የሚደግፈው እንደ ጆሯችን የሚተጣጠፍ ነገር ነው። ታዲያ አፉ አሸዋ ውስጥ ሳለ በምን ይተነፍሳል? ከዓይኖቹ ኋላ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። በእነርሱ ከላይ ንጹሕ ውኃ ስቦ፣ ከሥር ባሉት የመተንፈሻ ስንጥቆች ያስወጣዋል። እኛም ሥራችን ቀኑን ሙሉ ወደ መሬት ቢያጎነብሰን እስትንፋሳችን ከላይ ይሁን። ቅዳሴ እንድትሄድ ያልተፈቀደላት እኅት ወለል እየወለወለች «አቡነ ዘበሰማያት» ብትል፣ ጸሎቷ በአምላክ ዘንድ አይናቅም።

ሁለተኛ፦ መርዙን በአፉ አልያዘም። ከጅራቱ ሥር መርዛም እሾህ አለው፤ ግን አያድንበትም፤ ሊያጠፋው ከመጣ ይከላከልበታል። ሐዋርያው ያዕቆብ መርዝ አለበት ብሎ ያስጠነቀቀን ስለ ምላስ ነው (ያዕ. 3)። በእሑድ ዕረፍት በአንድ ክፍል ተሰብስበን ቡና ስናፈላ፣ በአፋችን የያዝነው ምን እንደሆነ እንመርምር።

ሦስተኛ፦ ልጆቿን በውስጧ ታሳድጋለች። ብዙ ዓሣዎች እንቁላላቸውን ውኃ ላይ በትነው ይሄዳሉ። የባሕሩ ንስር እናት ግን በማሕፀኗ ትይዛቸዋለች። መጀመሪያ ከእንቁላሉ አስኳል ይመገባሉ፤ ያ ሲያልቅ ማሕፀኗ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያመነጭላቸዋል። በአንድ ጊዜ የምትወልደው ከ3 እስከ 7 ብቻ ነው። ስለዚህ በመረብ ሲያልቁ ቶሎ አይተኩም፤ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት ተቆጥረዋል። በቁጥር ጥቂት የሆነ ወገን አንዲት እናትንም ማጣት የለበትም።

ወገኖቻችን፣ በስደት ያለን እኛም ጥቂቶች ነን። የሰፈራችን ስም ከየት እንደመጣ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ፣ በኢብራሂም ፓሻ ዘመን፣ ከመርከብ የሚወርዱ መንገደኞች በሽታ እንዳያስገቡ ተለይተው የሚቆዩበት ስፍራ እዚህ ተሠራ። ዘመኑ አለፈ፤ ስሙ ቀረ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ሲፈነዳም አደጋው አሠሪና ሠራተኛን፣ ወረቀት ያለውንና የሌለውን አልለየም።

እንግዲህ ፀንሳ የምታፍር፣ ወይም ወረቀት የሌለው ሕፃን ታቅፋ ከቤተ ክርስቲያን የቀረች እኅት ብትኖር፣ በሹክሹክታችን ሌላ ካራንቲና አንሥራባት። የደረሰባትን የምታውቀው እርሷና አምላኳ ናቸው። ይህ ኃጢአትን ማቅለል አይደለም፤ ንስሐ የሚሰጥ የንስሐ አባት አለ፤ የወደቀን የመርገጥ ሥልጣን ግን ለማንም አልተሰጠም። «ከማን ወለደች?» ከማለታችን በፊት «በልታለች ወይ?» እንበል። አንዷ አጥሚት ታፍላላት፤ አንዷ ገንፎ ታገንፋላት፤ መውጣት ያልቻለች ትደውልላት። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ለክርስትና ስትመጣ አጃቢ አትጣ፤ ለሕፃኑም የክርስትና እናት አይጥፋ።

ነቢዩ ኢሳይያስ ለደከሙት የንስር ክንፍ ተስፋ ሰጥቷል (ኢሳ. 40)። በባሕር ወለል ለሚኖረው ክንፍ የሰጠ አምላክ በዝቅታ ያለችውን እኅታችንን አይረሳትም፤ እኛም አንርሳት።

ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደች እመቤታችን በስደት ያሉ እናቶችን ሁሉ በአማላጅነቷ ትጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።