መቃብሩ ያልታወቀ ዘማች

በጦር ሜዳ የወደቁ አያቱን መቃብር የሚፈልግ የልጅ ልጅ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይነሣል። አንደኛው የታሪክ ነው፤ አያቱ ከማን ጋር ዘመቱ፣ የት ዋሉ፣ የት ቀሩ? ሁለተኛው የሃይማኖትና የፍልስፍና ነው፤ ሞቶ አፈር ለሆነ ሰው ሕያዋን ምን ዕዳ አለባቸው? መቃብሩ ባይገኝስ ዕዳው ሳይከፈል ይቀራል?

በኢትዮጵያ ሁለቱም ጥያቄዎች የሚከብዱት በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። መንግሥት ከድል በኋላ ለሰላም ጉባኤ ባቀረበው ሒሳብ በጦር ሜዳ የሞቱትን 275,000፣ በአምስቱ ዓመት ትግል የወደቁትን አርበኞች ደግሞ 78,500 አድርጎ ቈጥሯል። የአብዛኞቹ ስም ግን በመዝገብ አልሰፈረም። በ1928 ዓ.ም. የዘመተው ሠራዊት፣ ከክብር ዘበኛና ከጥቂት የሠለጠኑ ጦሮች በቀር፣ ክተት ሲታወጅ ስንቁን ቋጥሮ ጌታውን ተከትሎ የወጣ የገጠር ሰው ነበር። እገሌ መሆኑን የሚያውቁት አለቃው፣ ጓዶቹና የአገሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። መጋቢት 22 ቀን ከተደረገው የማይጨው ውጊያ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ኋላ ሲመለስ በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። በዚያ ሁኔታ የሞተውን ለይቶ የሚጽፍ ቀርቶ የሚቀብርም ሁልጊዜ አልተገኘም።

ስለዚህ ፍለጋው ከመዝገብ ቤት ይልቅ ከትውልድ አገር ቢጀምር ይሻላል። ሠራዊቱ በየግዛቱና በየመኳንንቱ ይከት ስለነበር የአያቱ ወረዳ ከታወቀ ግንባሩን መገመት ይቻላል። ከጎጃም ራስ እምሩን የተከተለ በሽሬ በኩል ተዋግቷል። ከሲዳሞ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር የወጣ ወደ ገናሌ ዶርያ፣ ከሐረርጌ ከደጃዝማች ነሲቡ ጋር የወጣ ወደ ኦጋዴን ወርዷል። በቤተሰብ ዘንድ «ማይጨው ቀሩ» የሚለው ወሬም ቢሆን መመርመር አለበት፤ በብዙ ሰው አፍ ማይጨው የዚያን ዓመት ዘመቻ ሁሉ የሚወክል ስም ሆኗልና፣ ተንቤን ወይም አምባ አራዶም የወደቀውም በእርሱ ስም ይጠራል።

ቀጥሎ የስም ነገር ይመጣል። የዚያ ዘመን ሰው በጓዶቹ ፉከራ ውስጥ በፈረስ ስሙ፣ በግብርና በርስት ክርክር ወረቀት በዓለም ስሙና በአባቱ ስም፣ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት በክርስትና ስሙ ይገኛል። አንዱን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው አያቱን አግኝቶ ሳያውቃቸው ሊያልፍ ይችላል። በዘመቻው ጊዜ የተወለደ ልጅ ስም፣ በለቅሶ የተገጠመ ግጥም፣ ለዘመድ የተሰጠ የአርበኝነት ሜዳልያ፣ የንስሐ አባቱ ደብር፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ሰነድ ሊነበቡ ይገባል። ሽማግሌዎቹ እያለፉ በመሆናቸው ከሰነዶቹ ሁሉ በፍጥነት የሚጠፋው የቃል ምስክርነት ነው፤ እርሱን ለነገ ማሳደር ትልቅ ጥፋት ነው።

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮርያ ለዘመተው የቃኘው ሻለቃ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። በዘመናዊ ሠራዊት ደንብ ተመዝግቦ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግቷል። የሞቱት ከ120 በላይ ሲሆኑ አስከሬናቸው ወደ አገር ተመልሷል። በፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያውያን መቃብር የለም። በሁለቱ ዘመቻዎች መካከል ያለው ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመት ብቻ ነው።

መቃብር ለሌለው ሰው ሃይማኖት ምን ያደርጋል? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የሚጸለየው በክርስትና ስማቸው ነው፤ ጸሎቱ መቃብሩ የት እንዳለ አይጠይቅም። ትንሣኤም ከድንጋይ ምልክት ጋር አልተያያዘም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 34 የሙሴን መቃብር ማንም እንደማያውቀው ይናገራል፤ ይህም ከክብሩ ምንም አላጎደለበትም። በሌላ በኩል ዮሴፍ አጥንቱን ከግብፅ እንዲያወጡለት ወንድሞቹን አምሏል፤ ሙሴም ሕዝቡን ይዞ ሲወጣ ያንን ዐፅም ተሸክሟል። መጽሐፍ ሁለቱንም ይዟል፤ መቃብር ባይታወቅ እግዚአብሔር አይረሳም፣ ሰው ግን አደራውን ይሸከማል።

ለቤተሰቡ የሚከብደው ቀኑ ነው። አርባ፣ ሰማንያና ሙት ዓመት የሚቈጠሩት ከሞት ቀን ነው። ዘማች ሲቀር ግን ከጦር ሜዳ የተመለሰ ባልንጀራ መርዶ እስኪያመጣ ድረስ ሚስት ባሏን አልቅሳ መሸኘትም ተስፋ ማድረግም አትችልም። መርዶ ሲመጣ አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስና መሣሪያ ይወጣል፣ ፈረሱ ይጎተታል። መርዶ ያልደረሰለት ቤት ግን ለቅሶው እንደተንጠለጠለ ለልጅና ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚነሣው ፍለጋ በአብዛኛው ይህ ያልተቀመጠ ለቅሶ ነው።

በእስልምና በጦርነት የወደቀ ሸሂድ ሳይታጠብ፣ በለበሰው ልብስ ይቀበራል። ነቢዩ ሙሐመድ በኡሑድ ዘመቻ የወደቁት እዚያው በወደቁበት እንዲቀበሩ አዘዋል፤ ስለዚህ መቃብሩ ከአገሩ መራቁ እንደ ጉድለት አይታይም። ሩቅ ለሞተ ሰው ስለሚሰገደው ሰላተል ጋኢብ ደግሞ ዋናው ማስረጃ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በአገራቸው ሲሞቱ ነቢዩ መዲና ሆነው ሰግደውባቸዋል። ሻፊዒና ሐንበሊ ከዚህ ተነሥተው ይህን ስግደት ይፈቅዳሉ፤ ሐነፊና ማሊኪ ግን ለነጃሺ ብቻ የተደረገ ነው ይላሉ።

ከሃይማኖት ወደ ፍልስፍናው ስንሻገር፣ የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩሮስ ሞት ከመጣ ሟቹ የለምና ምንም አይነካውም ብሏል። በዚህ ከሄድን ፍለጋው ለሕያዋን ማጽናኛ ብቻ ይሆናል። አርስቶትል ግን በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ኋላ የሚሆነው ነገር የሞተውን ሰው በጥቂቱም ቢሆን ሳይነካው እንደማይቀር አስቧል። አርስቶትል ወደ እውነት የቀረበ ይመስላል። ስለ ሟች ሐሰት ሲወራ የሚበደል ሰው አለ፤ እርሱም ያ የኖረው ሰው ነው። እንደዚያ ከሆነ ለአያት ከሚገባው ዕዳ ዋናው እውነቱን ማወቅ ነው፤ መቃብሩ የዚያ እውነት አንዱ ክፍል ነው።

ይህ ደግሞ ከባዱን ፈተና ያመጣል፤ የተገኘው እውነት የማይፈለግ ሊሆን ይችላል። አያቱ ለጣልያን የተሰለፉ የአገሬው ወታደር፣ አስካሪ፣ ሆነው ቢገኙስ? ከረን ባለው የጣልያን ወታደሮች መቃብር ብዙ አስካሪዎች ስማቸው ሳይጻፍ ተቀብረዋል። ይህ የጣልያን ብቻ አይደለም፤ የብሪታንያንና የግዛቶቿን ሟቾች የሚዘክረው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽንም በ1917 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም በማዕረግም በዘርም ሳይለይ ሙታንን ሁሉ እኩል ሊዘክር ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሙታን ቢያንስ 116,000 የሚሆኑ፣ በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ በስም ወይም ጨርሶ እንዳልተዘከሩ አምኗል። ያገለገሉት መንግሥት ስም የነፈጋቸውን ሰዎች ዘመዶቻቸውም በኀፍረት ቢደብቋቸው የሚያስባቸው አይኖርም። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 የሳኦል ቁባት ሪጽፋ የተሰቀሉትን ልጆቿን ከወፍና ከአውሬ ስትጠብቅ ከቆየች በኋላ፣ ዳዊት የእነርሱን አጥንት ብቻ ሳይሆን ሲያሳድደው የኖረውን የሳኦልንም ዐፅም ሰብስቦ በሳኦል አባት መቃብር አስቀብሯል። የሳኦል በደል አልተሰረዘም፤ መጽሐፉ ታሪኩን እንደ ነበረ ይዞታል።

በፍለጋው መጨረሻ በአንድ አሮጌ የጦር ሜዳ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ዐፅም የተገኘ እንደሆነ፣ በግምት የአያትን ስም ማኖር አይገባም፤ የሌላው ቤተሰብ ሟች ሊሆን ይችላልና። ቦታው በእርግጥ ካልታወቀ በቤተሰቡ ታሪክ የሚጻፈው የወጡበት አገር፣ የተከተሉት አለቃ፣ የዘመቱበት ግንባርና መጨረሻ የታዩበት ቀን ነው። የክርስትና ስማቸው ለደብሩ ይሰጣል፤ ጸሎቱም ከዚያው ይቀጥላል።